የሥርዓት ለውጥ ሲመጣ ስለ እንስሳት ጥበቃ መሟገት፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

መንግሥት በተለወጠ፣ መሥሪያ ቤቶች እንደ አዲስ በተደራጁ ወይም የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ በወጣ ቁጥር ስለ ዱርና ስለ ቤት እንስሳት የሚቆረቆሩ ሰዎች የሚያነሷቸው ጥያቄዎች እምብዛም አይለያዩም። ከዚህ በታች ያሉት መልሶች በዋናነት የኢትዮጵያን ልምድ የተከተሉ ናቸው፤ «እ.ኤ.አ.» ካልተባለ በስተቀር ዓመታቱ በኢትዮጵያ አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ሰው እየተፈናቀለ ባለበት ወቅት ስለ እንስሳት መከራከር ነውር አይሆንም?

ጥያቄው ብዙ ጊዜ የሚነሣው ከቅንነት ስለሆነ በቁጣ መመለስ የለበትም። ሰው ሕይወቱን ለማትረፍ በሚሮጥበት ቀን ስለ ዋልያ ብቻ የሚያወራ ተሟጋች ሰሚ አያገኝም፤ ማግኘትም የለበትም። ይሁን እንጂ ሁለቱ ጉዳዮች ከሚታሰበው በላይ የተሳሰሩ ናቸው። የወረዳው የእንስሳት ጤና ክሊኒክ መድኃኒት ሲያጣና ክትባት ሲቋረጥ፣ አባ ሰንጋና የእብድ ውሻ በሽታ ዞረው የሚያገኙት ገበሬውንና ልጆቹን ነው። የተፈናቀለ ቤተሰብ ይዞት የወጣው አህያ ውኃም፣ እህልም፣ ታማሚም የሚጭንበት ብቸኛ ንብረቱ ሊሆን ይችላል። የጊዜም ጉዳይ አለ፦ የፈረሰ ትምህርት ቤት ሰላም ሲወርድ ይሠራል፤ ዋልያ ግን ከሰሜን ተራሮች በስተቀር በዱር የሚኖርበት ሌላ ስፍራ በዓለም ላይ ስለሌለ እዚያ ከጠፋ የሚመለስበት መንገድ የለም። ነውር የሚሆነው የሰውን መከራ እንዳላዩ አልፎ ስለ እንስሳ ብቻ መናገር ነው።

በ1983 ዓ.ም. በፓርኮቻችን ላይ የደረሰው ምን ነበር? ዛሬም እንደ ማስረጃ የሚጠቀሰው ለምንድን ነው?

በግንቦት 1983 ዓ.ም. ደርግ ከወደቀ በኋላ፣ አዲሱ አስተዳደር ገና ወረዳ ድረስ ሳይዘረጋ በቆየባቸው ወራት በብዙ ፓርኮች ጥበቃ የሚባለው ነገር በአንድ ጊዜ ቀጥ አለ። በአብያታ ሻላ ሐይቆች ብሔራዊ ፓርክ የጥበቃ ሕንፃዎች ፈረሱ፣ በፓርኩ ክልል ውስጥ ሰው ሰፈረ፣ ግራሩም ለከሰልና ለማገዶ ተቆረጠ። ፓርኩ በወረቀት ላይ 887 ካሬ ኪሎ ሜትር ሲሆን ከዚህም ከግማሽ በላዩ ውኃ ነው፤ ከዚያን ጊዜ ወዲህ ግን በየብሱ በኩል የቀረው የዱር እንስሳ ለጎብኚ የሚታየው ጥቂቱ ብቻ ነው። በባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ሰሜናዊ ጫፍ፣ በጋይሳይ ሜዳ፣ በብዛት ይታይ የነበረው የደጋ አጋዘን በአጭር ጊዜ ውስጥ ተገድሎና ተበትኖ ቁጥሩ እጅግ አሽቆለቆለ፤ የተረፈው በዲንሾ በሚገኘው የፓርኩ ዋና መሥሪያ ቤት ዙሪያ ባለው ደን ተጠልሎ ቆየ። ለቆርኬ ተብሎ በተከለለው በሰንቀሌም ቀድሞ በሺዎች ይቆጠር የነበረው መንጋ ወደ መቶዎች ወረደ።

በዚያው ሰሞን በባሌ የእብድ ውሻ በሽታ ገብቶ ከቀይ ቀበሮዎቹ ብዙዎቹን ፈጀ። ይህ ከሥርዓቱ ለውጥ ጋር ተገጣጠመ እንጂ ለውጡ ያመጣው ነው ማለት አይቻልም፤ በሽታው በ1996 እና ከዚያም በኋላ ተመልሶ መጥቷልና። የሚያስተምረው ሌላ ነገር ነው፦ በመላው አገሪቱ ቁጥሩ ከ500 የማይበልጥ እንስሳ ሁለት አደጋ በአንድ ጊዜ የሚሸከምበት ትከሻ የለውም።

እነዚህ ክስተቶች እስከ ዛሬ የሚጠቀሱበት ምክንያት ጉዳቱ የደረሰበት ፍጥነት ነው። ከመንግሥት ግልበጣ እስከ አዲስ ሹመት ያለው ክፍተት ወራት ብቻ ነበር፤ ጥፋቱን ለመጠገን ግን 30 ዓመትም አልበቃም።

ታዲያ የአካባቢው ሕዝብ ፓርኮቹን ያጠቃው እንስሳ ስለሚጠላ ነው?

አይደለም። ይህን ጉዳይ በቅጡ ያልተረዳ ተሟጋች ሌላውን ሁሉ ቢያውቅም ብዙ አይጠቅምም። የአዋሽ ፓርክ በ1958 ዓ.ም. ሲከለል የከረዩና የአፋር አርብቶ አደሮች የበጋ ግጦሻቸውንና ውኃቸውን አጡ። የሰሜን ተራሮች ፓርክ በ1962 ዓ.ም. በትእዛዝ ሲቋቋም በውስጡ የሚያርሱ መንደሮች ነበሩ፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ደርግ ከእነዚህ ነዋሪዎች ከፊሉን በኃይል አስነሣ። ገበሬው ፓርኩን የሚያውቀው በስካውቱ፣ ማለትም በፓርኩ ጠባቂ፣ ጠመንጃ፣ በቅጣቱና ከብቱ በሚታሰርበት ቀን ነበር እንጂ ከቱሪስት በሚገኘው ገቢ አልነበረም። በመሆኑም መንግሥቱ ሲወድቅ የፓርኩ አጥርና አጋዘኑ የወደቀው መንግሥት ንብረት ሆነው ታዩ፤ ቁጣውም በዚያው ላይ አረፈ።

ከዚህ ጋር የሚነጻጸረው የመንዝ ጓሳ ነው። በዚያ ደጋ ላይ ሕዝቡ ለቤት ክዳንና ለገመድ የሚሆነውን የጓሳ ሣር ለብዙ ዘመናት በራሱ ሥርዓት ሲጠብቅ ኖሯል፤ መሬቱን ለዓመታት ይዘጋል፣ ሣሩ ሲደርስም በሹሙ ትእዛዝ ይከፍታል፤ በዚህ መካከል ቀይ ቀበሮውና ጭላዳው አብረው ተጠበቁ። በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ርስት ሲሻር የዚህ ሥርዓት መሠረት ተናጋ፤ የተጠበቀው መሬትም ለጥቂት ዓመታት እንደ ልብ ተገባበት። ሕዝቡ ግን የቀድሞው ሹመት ይመለስልኝ ብሎ አልተቀመጠም፤ ጥበቃውን በአዲሱ ዘመን ቋንቋ፣ በገበሬ ማኅበራትና በኮሚቴ አማካይነት እንደ ገና አደራጀው። በ1983 ዓ.ም. ሌላ ለውጥ ሲመጣም ጓሳ እንደ አብያታ ሻላ አልሆነም። ኋላም በክልሉ መንግሥት የማኅበረሰብ ጥበቃ ክልል ሆኖ በሕግ ታወቀ።

ከሁለቱ ታሪኮች የሚወጣው ለተሟጋች ዋነኛው የሥራ መመሪያ ይመስለኛል፦ እንስሳው የየትኛውም መንግሥት ንብረት ሆኖ እንዳይታይ ማድረግ። ይህም ለውጡ ከመጣ በኋላ የሚጀመር ሥራ አይደለም።

በሕግ የዱር እንስሳት ጥበቃ የማን ሥልጣን ነው? የፌዴራል ወይስ የክልል?

የሁለቱም ነው፤ በለውጥ ጊዜ ጉዳዮች መካከል ላይ ወድቀው የሚቀሩትም በዚሁ ምክንያት ነው። በ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 51 መሠረት የመሬትና የተፈጥሮ ሀብት አጠቃቀምና ጥበቃ ሕግ የሚያወጣው የፌዴራሉ መንግሥት ሲሆን፣ በአንቀጽ 52 መሠረት ደግሞ በዚያ ሕግ መሬቱንና ሀብቱን የሚያስተዳድሩት ክልሎች ናቸው። አዋጅ ቁጥር 541/1999 ይህን ለዱር እንስሳት በዝርዝር አስቀምጦ ብርቅዬና ለመጥፋት የተቃረቡ ዝርያዎች የሚገኙባቸውን ወይም ከአንድ ክልል በላይ የሚያካልሉ ፓርኮችን ለፌዴራል፣ ሌሎቹን ለክልሎች ሰጠ፤ በአዋጅ ቁጥር 575/2000 ደግሞ የኢትዮጵያ ዱር እንስሳት ልማትና ጥበቃ ባለሥልጣን ተቋቋመ። ስለዚህ ለምሳሌ የቦረና ሳይንት ፓርክ ጉዳይ ለአማራ ክልል፣ የአርሲ ተራሮች ጉዳይ ለኦሮሚያ ክልል ሲቀርብ፣ የባሌና የሰሜን ተራሮች ጉዳይ ለፌዴራሉ ባለሥልጣን ይቀርባል። ሕጎች ስለሚሻሻሉ አቤቱታ ከመጻፍ በፊት ከነጋሪት ጋዜጣ ላይ በሥራ ላይ ያለውን ማረጋገጥ ያስፈልጋል፤ በተሻረ አንቀጽ የተጻፈ አቤቱታ ጥሩ ሰበብ ሆኖ ይመለሳል።

ኃላፊዎች በየወሩ በሚቀያየሩበት ጊዜ አቤቱታ ለማን፣ እንዴት ይቀርባል?

ለሰው ሳይሆን ለመንበሩ ይጻፋል። «ለተከበሩ አቶ እገሌ» ተብሎ የተጻፈ ደብዳቤ አቶ እገሌ ሲነሡ አብሮ ይነሣል፤ «ለወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት» ተብሎ የተጻፈው ግን ከፋይሉ አይወጣም። ደብዳቤው ከአንድ ገጽ ባይበልጥ ይመረጣል። ቀበሌው፣ ቀኑ፣ የታየው ነገር፣ ያየው ማን እንደሆነና የሚጠየቀው እርምጃ በግልጽ መስፈር አለባቸው። «እንስሳት እየተጨፈጨፉ ነው» የሚል ዓረፍተ ነገር መሥሪያ ቤቱን ወደ ምንም እርምጃ አይወስደውም፤ በየትኛው ቀበሌ፣ በየትኛው ወንዝ ዳር፣ ስንት ሬሳ በየትኛው ቀን እንደተገኘ የሚናገር ዓረፍተ ነገር ግን ቢያንስ አንድ ባለሙያ ከቢሮው ያስወጣል።

ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ በመዝገብ ቤት ነው። ሁለት ቅጂ ይዞ መሄድ፣ በአንዱ ላይ የገቢ ቁጥሩንና ቀኑን አስጽፎ ማኅተም ማስመታትና ያንኑ ቅጂ ማስቀመጥ የግድ ነው። ግልባጩ ለዞኑ፣ ለክልሉ ቢሮና ፓርክ ከሆነ ለፓርኩ ጽሕፈት ቤት ይላካል። በሽግግር ጊዜ ብዙ ተጠባባቂ ኃላፊዎች «የሚያልፍ ዝናብ አይምታህ» በሚለው ብሂል ስለሚመሩ ምንም ነገር ላይ መፈረም አይወዱም፤ እነሱን ከመውቀስ ይልቅ ፊርማ የማይጠይቅ ነገር፣ ለምሳሌ የሁለት ስካውቶችን መመደብ ወይም የአንድ ስብሰባ ቃለ ጉባኤን መጠየቅ ይበጃል። አዲሱ ሹም በመጣ በመጀመሪያው ሳምንት ደግሞ ያው ደብዳቤ፣ የገቢ ቁጥሩ ተጠቅሶ፣ እንደ ገና ይቀርባል።

ብክለትን በሚመለከት ብዙ ሰው የማያውቀው ጠንካራ መሣሪያ አለ። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995፣ በአንቀጽ 11፣ ማንኛውም ሰው የግል ጥቅሙ መነካቱን ማሳየት ሳይጠበቅበት አካባቢን በሚጎዳ ወገን ላይ ለአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤቱ አቤት እንዲል ይፈቅዳል፤ በ30 ቀን ውስጥ ውሳኔ ካልተሰጠው ወይም በውሳኔው ካልረካ ፍርድ ቤት መሄድ ይችላል። የአስተዳደር በደል ሲሆን የሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋምም ክፍት ነው።

ማኅበር ማቋቋም አስፈላጊ ነው? ሕጉስ ይፈቅዳል?

ለአንድ አቤቱታ ማኅበር አያስፈልግም፤ ለዓመታት ለሚዘልቅ ሥራ ግን ያስፈልጋል። በ2001 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 621 ከገቢያቸው ከመቶ 10 በላይ ከውጭ የሚያገኙ ድርጅቶችን ከሰብአዊ መብትና ከመሳሰሉት ሥራዎች አግዶ ነበር። የእንስሳት ደኅንነት በእገዳው ዝርዝር ውስጥ ባይኖርም፣ ሙግት የሚባለውን ሥራ ሁሉ የሚያስፈራ ድባብ ስለፈጠረ ብዙዎች ሥራቸውን በሕክምናና በትምህርት ብቻ ወስነው ቆዩ። አዋጅ ቁጥር 1113/2011 ይህን ሻረው፤ ድርጅቶች ከማንኛውም ሕጋዊ ምንጭ ገንዘብ እንዲያሰባስቡና በሕግና በፖሊሲ ላይ ሐሳብ እንዲያቀርቡ ፈቀደ። አምስት ሰዎች ከተገኙ ማኅበር መመሥረት ይቻላል። የአስተዳደር ወጪ ከጠቅላላው ከመቶ 20 እንዳይበልጥ የሚለው ገደብ ግን ትንንሽ ማኅበራትን እንደሚያስቸግር ከመጀመሪያው ማወቅ ደግ ነው፤ የእንስሳት ሐኪም ደመወዝ ከየትኛው ወገን እንደሚቆጠር ከሒሳብ ባለሙያ ጋር ቀድሞ መነጋገር ይገባል።

በለውጥ ማግስት የሚገኘው ነጻነት ብዙ ጊዜ ጠባብ በር መሆኑን ብንክድ ራሳችንን እናታልላለን። በሩ ክፍት በሆነበት ጊዜ መመዝገብ፣ ኋላ ከሚመጣ ጸጸት ያድናል።

አንዱን የፖለቲካ ፓርቲ መደገፍ ጉዳያችንን አያፈጥነውም?

ለጥቂት ወራት ሊያፈጥነው ይችላል። ፓርቲው ከወንበሩ ሲወርድ ግን ጉዳዩ ከእሱ ጋር ይወርዳል፣ ፓርቲው ተቃዋሚ ሆኖ ከቀረም ጉዳዩ የተቃዋሚ አጀንዳ ይባላል። የሚሻለው ለሁሉም ፓርቲዎች አንድ ዓይነት ወረቀት፣ በአንድ ቀን ሰጥቶ መልሳቸውን ማሳተም ነው።

የአዲስ አበባው የስድስት ኪሎ አንበሳ ግቢ በዚህ ረገድ የሚታሰብ ነው። በ1940 ዓ.ም. በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ አንበሶች ሲጀመር አንበሳ የዘውዱ ምልክት ነበር፤ ዘውዱ ወርዶ ደርግ ሲመጣ፣ ደርግም ወድቆ ኢሕአዴግ ሲገባ ግቢው ቀጠለ፤ የከተማው ሕዝብ የኔ ነው ብሎ ስለያዘው አንበሶቹ ከምልክትነታቸው በላይ ኖሩ። ጠባቡ የብረት ጎጆ ግን ሦስቱንም ዘመን ተሻግሯል፤ የትኛውም መንግሥት አንበሳውን ይወደው ነበር፣ አኗኗሩን ለማስተካከል ግን የቸኮለ አልነበረም።

የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ በታወጀበት ወቅት የሚደረግ ነገር አለ?

የተከለከለውን ሳይነኩ የሚደረግ ብዙ አለ። በ2009 ዓ.ም. አገሪቱ በአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሥር ሳለች በቢሾፍቱ ቆዳና ሥጋ ወደ ውጭ የሚልክ የአህያ ቄራ ተከፍቶ ነበር። ሰልፍ በማይፈቀድበት በዚያ ወቅት ነዋሪዎቹ ስለ ሽታው፣ ስለ ቆሻሻው፣ እንዲሁም አህያ ማረድ ከሕዝቡ ባህልና እምነት ጋር ስለመጋጨቱ ለከተማው አስተዳደር አጥብቀው ቅሬታ አቀረቡ፤ ቄራውም ሥራ በጀመረ በጥቂት ጊዜ ውስጥ በዚያው ዓመት ሚያዝያ ላይ ተዘጋ። ልብ ሊባል የሚገባው ክርክሩ የቀረበበት መንገድ ነው። ማንም ስለ መንግሥት ለውጥ አላነሣም፤ ስለ ሽታ፣ ስለ ውኃ፣ ስለ ጎረቤትና ስለ ነውር ነበር የተነገረው። ሸክሙን ተሸክሞ ቤቱን ያቆመለት እንስሳ ቆዳው ተገፎ ሲላክ ማየት ለገበሬውም ለጋሪ ነጂውም ስለሚቀፍ፣ ሊቃወም የሚችል ባለሥልጣን አልነበረም።

የዚህ ታሪክ ተከታይ አህጉራዊ ሆነ። የአህያ ቆዳ በቻይና ለባህላዊ መድኃኒት ስለሚፈለግ ንግዱ በብዙ የአፍሪካ አገሮች መንጋውን ሲያመናምን ቆይቶ፣ በየካቲት 2016 ዓ.ም. እዚያው አዲስ አበባ ላይ የተሰበሰቡት የአፍሪካ ኅብረት መሪዎች አህያን ለቆዳው ሲባል ማረድ ለ15 ዓመት እንዲቆም ወሰኑ። በዓለም ላይ ብዙ አህያ ያላት አገር ኢትዮጵያ ስለሆነች ውሳኔው ከማንም በላይ እኛን ይመለከታል።

ጥበቃው ከፈረሰ በኋላ ሁሉንም መሬት ማስመለስ ይቻላል? ካልተቻለስ?

ሁልጊዜ አይቻልም፤ አይቻልም ብሎ ማመንም አንዳንድ ጊዜ የሙግቱ አካል ነው። ሩዋንዳ እ.ኤ.አ. ከ1994ቱ የዘር ፍጅት በኋላ ከስደት የተመለሱ ሰዎች ከነከብቶቻቸው በአካጌራ ፓርክ ሰፈሩ። መንግሥቱ በ1997 እ.ኤ.አ. ፓርኩን ከግማሽ በላይ ቀንሶ ለሰፋሪዎቹ ሰጠ፤ ያኔ ብዙ የጥበቃ ሰዎች ይህን እንደ ሽንፈት ቆጠሩት። ነገር ግን የቀረው መሬት የማያከራክር ሆነ፤ ኋላም አጥር ተሠራለት፣ በ2015 እ.ኤ.አ. አንበሳ፣ በ2017 እ.ኤ.አ. አውራሪስ ተመለሰበት።

በሰሜን ተራሮች ሌላ መንገድ ተሞክሯል። ፓርኩ በ1970 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ከተመዘገበ በኋላ የዋልያው ቁጥር በማሽቆልቆሉ፣ እርሻው በመስፋፋቱና መንገድ በመሠራቱ በ1989 ዓ.ም. አደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች ዝርዝር ገባ። ከዝርዝሩ የወጣው በ2009 ዓ.ም. ሲሆን፣ ከዚያ በፊት የግጭ መንደር ከ400 በላይ አባወራዎች ወደ ደባርቅ እንዲዛወሩ ተደርጓል። ይህ እንደ ደርግ ዘመኑ ማስነሣት ባይሆንም፣ ከደጋ እርሻና ከበግ እርባታ ወደ ከተማ ኑሮ የገቡት ቤተሰቦች ኑሮ መሠመር አለመሠመሩ ለሚቀጥለው የፖለቲካ ማዕበል ፓርኩ የሚኖረውን ዕጣ ይወስነዋል። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 44 በመንግሥት ፕሮግራም ኑሮው የተነካበት ሰው ተመጣጣኝ ካሳ የማግኘት መብት አለው ይላል፤ ስለ ዋልያ የሚሟገት ሰው ስለዚህም ካሳ አብሮ መሟገት አለበት።

ከተማ ውስጥ ስለሚመረዙ ውሾችስ?

አዲስ አስተዳደር ሥራ ሲጀምር ከተማ ለማጽዳት ከሚወስዳቸው ቀላል እርምጃዎች አንዱ ባለቤት አልባ ውሾችን በመርዝ ማስገደል ነው። በሌሊት በሥጋ የተለወሰ መርዝ መንገድ ዳር ይጣላል፤ ጠዋት ተማሪዎች በሬሳው መካከል ያልፋሉ፤ ባለቤት ያለው ውሻም፣ ድመትም፣ አሞራም አብሮ ይሞታል። በዚህ ላይ ክርክሩ በርኅራኄ ብቻ ቢቀርብ አያሸንፍም፤ ከንቲባው የሚመለከተው የተነከሰውን ልጅ ነውና። የሚያሸንፈው የጤና ክርክር ነው። በሰው ላይ የሚደርሰው የእብድ ውሻ በሽታ ከሞላ ጎደል ሁሉም ከውሻ ንክሻ ይመጣል፤ የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ግን ስርጭቱን የሚገታው ከውሾቹ ከመቶ 70 ያህሉን በየጊዜው መከተብ ነው፤ የተገደለው ውሻ ቦታ ወዲያው ባልተከተበ ሌላ ውሻ ይሞላል። ባሌ ላይ የቀይ ቀበሮ ጥበቃ ፕሮግራም ለዓመታት የገበሬዎችን ውሾች ሲከትብ የኖረው በዚሁ ምክንያት ነው፤ በነሐሴ 2010 ዓ.ም. ደግሞ ክትባቱን በሥጋ ውስጥ አድርጎ ለቀበሮዎቹ ራሳቸው መስጠት ጀመረ። ያ ዓመት አገሪቱ በፖለቲካ ለውጥ የተጠመደችበት ዓመት ነበር፤ ሥራው ግን አልቆመም።

በውጭ አገር የምንኖር ኢትዮጵያውያን ምን ልናደርግ እንችላለን?

ገንዘብ መላክ በመጀመሪያ የሚታሰበው ነው፤ ከመላክ በፊት ተቀባዩ በሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች ባለሥልጣን የተመዘገበ መሆኑን መጠየቅ ይገባል። የተለየ ጥቅም ያላቸው ግን በባሕረ ሰላጤው አገሮች የሚኖሩት ናቸው። ከምሥራቅ ኢትዮጵያና ከሶማሌ አካባቢ የሚሰረቁ የአቦ ሸማኔ ግልገሎች በሶማሌላንድ በኩል ወደ የመንና ወደ ባሕረ ሰላጤው የሚሻገሩ ሲሆን፣ ብዙዎቹ በመንገድ ላይ ይሞታሉ። ድንበር ላይ ያለው ቁጥጥር በላላ ቁጥር ንግዱ ይበረታል። የተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች በ2016 እ.ኤ.አ. ባወጣችው ሕግ አዳኝ አራዊትን በግል መያዝ ከልክላለች፤ ሆኖም በማኅበራዊ ሚዲያ የሚለጠፍ የግልገል ሽያጭ ማስታወቂያ አልጠፋም። በቤት ሠራተኝነት ወይም በሾፌርነት የሚሠራ ሰው እንዲህ ያለውን ነገር ሲያይ በራሱ ስም ማመልከቱ ሥራውንም መኖሪያ ፈቃዱንም አደጋ ላይ ሊጥልበት ስለሚችል ማንም እንዲያደርገው ሊገፋፋው አይገባም፤ የማስታወቂያውን ምስል፣ ቀኑንና የገጹን ስም ይዞ ከአገሩ ውጭ ላለ በጉዳዩ ላይ ለሚሠራ ድርጅት ማስተላለፍ ይበቃል።

በፓርክ ውስጥ ስለሚሠሩ ስካውቶች መሟገት የሚያስፈልገው ለምንድን ነው? እነሱ የመንግሥት ሠራተኞች አይደሉም?

ናቸው፤ ችግሩም ከዚህ ይጀምራል። ስካውት ብዙውን ጊዜ የዚያው አካባቢ ልጅ ነው፤ ወንድሙ ፓርኩ ውስጥ ከብት ያሰማራል፣ አጎቱ እንጨት ይቆርጣል፣ እሱ ደግሞ አሮጌ ጠመንጃ ይዞ ሁለቱንም እንዲከለክል ይጠበቃል። የታጠቀ ቡድን ሲመጣ መጀመሪያ የሚፈለገው እሱ ነው፣ ለመሣሪያው ሲባል። ደመወዙ ለሁለትና ለሦስት ወር ሲቋረጥበት ሥራውን ጥሎ ቢሄድ አይፈረድበትም። ስለዚህ በሽግግር ጊዜ ለበጀት ሰዎች የሚቀርበው የመጀመሪያ ጥያቄ ስለ አዲስ ፓርክ ወይም ስለ አዲስ አዋጅ ሊሆን አይገባም፤ የስካውቶች ደመወዝ በየወሩ መከፈሉ፣ በሥራ ላይ ለሞቱትም ቤተሰቦች የሚገባቸው መሰጠቱ ነው። ጥያቄው ለገንዘብ ጽሕፈት ቤቱ ሲቀርብ የስካውቶቹን ቁጥር፣ ያልተከፈለውን ወርና የበጀት መደቡን መጥቀስ አለበት፤ ግልባጩም ለፓርኩ ኃላፊ ይድረስ።